ልከውታል እንጂ አልወከሉትም

ጥያቄ

ነዋሪነቴ ደባርቅ ነው። አነስተኛ የተራራ ጉዞ ማደራጃ አለችኝ። ድንኳንና የመኝታ ከረጢት አከራያለሁ፤ አብሳይና ባለበቅሎ አዘጋጃለሁ። እንግዶቹን ከሳንቃ በር አስነስቼ፣ በግጭና በጨነቅ አድርጌ፣ ቧሂትን አሻግሬ አምቢኮ አሳድራለሁ፤ በማግስቱ ራስ ደጀንን ወጥተው ይመለሳሉ። ይህን ስሠራ 16 ዓመት ሆነኝ። ዕድሜዬ 52 ነው፤ ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ መክዳት ጀምሯል።

እኔ ከሌለሁ ግን ሥራው አይሄድም። አብሳዩ አንድ ነገር ይረሳል፣ ባለበቅሎዎቹ ጭነት በዛ ብለው ይጣላሉ። ባለበቅሎው ያሰረውን መጫኛ እንኳ እኔ ደግሜ ካላጠበቅሁት አያስችለኝም። ስለዚህ በየጉዞው አብሬ እወጣለሁ። ስመለስ ደግሞ ደረሰኙ፣ የመኪና ኪራዩ፣ የሚቀጥለው እንግዳ ኢሜይል ተቆልሎ ይጠብቀኛል። ባለቤቴ «አንተ ያገባኸው ተራራውን ነው» ትለኛለች። ጥምቀትን ቤቴ ሆኜ ያከበርሁበትን ዓመት አላስታውስም።

አምና አንድ እንግዳ ሲሰናበተኝ ኪስ ውስጥ የምትገባ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሰጠኝ። አለቆች ሥራን ለሌላ ሰው እንዴት እንደሚያስረክቡ የምታስተምር ናት። ልጄ ማታ ማታ እያነበበች ተረጎመችልኝ። ሥራውን ምረጥ፣ ሰውየውን ምረጥ፣ በግልጽ ንገረው፣ ተከታተለው እያለች ትሄዳለች። እኔም እንዳለችው አደረግሁ። በኅዳር ወር ሁለት እንግዶች ሲመጡ የእህቴን ልጅ ኃላፊ አድርጌ ላክሁት። አምስት ዓመት ከእኔ ጋር የወጣ የወረደ፣ የተማረ ልጅ ነው። የሚሠራውን ሁሉ በወረቀት ጻፍሁለት። «አንዳች ነገር ከመወሰንህ በፊት ደውልልኝ» ብዬም አደራ አልሁት፤ እኔ ከሌለሁ ይሳሳታል ብዬ።

አምቢኮ ባደሩበት ሌሊት አንደኛዋን እንግዳ ራሷን ያማት ጀመር፤ ቆይታ ማስመለስ አመጣች። አስጎብኚው «እናውርዳት» አለ። ልጁ ግን «ጋሼን ሳልጠይቅ አይሆንም» ብሎ ስልክ የሚይዝበት ቦታ ፍለጋ በጨለማ ዳገት ወጣ። እኔ ስልኬን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኝቻለሁ። ያገኘኝ ጎህ ሲቀድ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሴትዮዋ ወደ መሸሃ ወንዝ ወርዳ ተሻላት። በዚያው ላይ አንዷ በቅሎ አነከሰችና ሌላ መከራየት አስፈለገ፤ ልጁ እጁ ላይ ብር ስላልነበረው ከአብሳዩ ተበደረ። ደባርቅ ሲገቡ በሰው ፊት ተቆጣሁት። እሱም «ጋሼ፣ ደውል ብለውኛል፣ ደወልሁ። ከዚህ ወዲያ እርስዎው ይሂዱ» አለኝ።

እኔ ከሌለሁ የማይሆን ሥራ ይዤ እስከ መቼ ልዝለቅ? ለጥር ሌላ ቡድን አለ፤ አምቢኮ የሚያድሩት በጥምቀት ዕለት ነው። መጽሐፏ ናት የዋሸችኝ ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ?

ተራራ ያደከመኝ፣ ከደባርቅ

መልስ

ወንድሜ፣ እንግዳዋ በመዳኗ እግዚአብሔር ይመስገን። አጭሩ መልስ ይኸውልዎ፦ መጽሐፏ አልዋሸችም፣ እርስዎም ሳይገባዎት አልቀረም። ነገር ግን የእህትዎን ልጅ ላኩት እንጂ አልወከሉትም።

በቋንቋችን መላክና መወከል ለየቅል ናቸው። የተላከ ሰው የላኪውን ቃል ይዞ ይሄዳል፤ በቃሉ ውስጥ የሌለ ነገር ሲገጥመው ወይ ቆሞ ይጠብቃል ወይ ይመለሳል። የተወከለ ሰው ግን የወካዩን ቦታ ይዞ ነው የሚሄደው። እንደራሴ የምትለዋ የጥንት ማዕረግ ትርጉሟን በራሷ ላይ ተሸክማለች፤ እንደ ራሴ ማለት ናት። እርስዎ ልጁን «አንዳች ነገር ከመወሰንህ በፊት ደውልልኝ» ሲሉት፣ እግሩን ወደ አምቢኮ ሰደው ጭንቅላቱን ደባርቅ አስቀሩት።

ቤት ወይም መኪና በውክልና የሸጠ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ንብረት ያስተዳድራል እንጂ ቤት አይሸጥም፤ ለሽያጩ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። ስለዚህ ውክልና ሰጪው ሰነዱ ላይ የመሸጥ፣ የመለወጥ፣ የማከራየት እያለ አንድ በአንድ ያስጽፋል። በሥራ ቦታችን ግን ይህን ዝርዝር እንዘለዋለን። «ኃላፊ አድርጌሃለሁ» እንላለን፤ በምን በምን ላይ እንደሆነ አንነግረውም። የእርስዎ ወረቀት ልጁ የሚሠራውን ሁሉ ይዘረዝራል፤ የሚወስነውን አንድም አልጻፉለትም።

እስቲ ያችን ሌሊት ቀረብ ብለን እንያት። አምቢኮ ያለችው 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እንግዶቹ እዚያ ከመድረሳቸው በፊት 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ጨነቅ አድረዋል፣ በቧሂት በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥተዋል፣ ወደ መሸሃ ወርደው እንደገና ዳገት ገፍተዋል። በድንኳኑ ዙሪያ ልምድ ያለው አስጎብኚ አለ፣ ጠመንጃውን ያነገተ የስሜን ተራሮች ፓርክ ጥበቃ አለ፣ አብሳይ አለ፣ የእህትዎ ልጅ አለ። አራቱም ሴትዮዋ መታመሟን ያያሉ። አንደኛው እንዲያውም መፍትሔውን አፍ አውጥቶ ተናግሯል። ከአራቱ ግን «ተነሱ» ለማለት ሥልጣን ያለው አንድም የለም፤ ሥልጣኑ ደባርቅ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል።

ቦታው ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የከፍታ ሕመም ዋና መድኃኒቱ መውረድ ነው። ራስ ምታት ከማስመለስ ጋር ከመጣ ወደ ላይ መቀጠል የለም፤ ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም አርፎ ተቀምጦ ትንፋሽ ካጠረው ንጋትም አይጠበቅም። ከአምቢኮ በመጡበት መንገድ ወደ ደባርቅ መመለስ ማለት ደግሞ ቧሂትን መልሶ መውጣት ማለት ነው፤ የመመለሻው መንገድ ራሱ ሕመምተኛውን ወደ ከፍታ ይወስዳል። እንግዲህ መሸሃ ወርዶ ማደር ይሻላል ወይስ ሌላ መላ ይፈለግ የሚለው የሴትዮዋን ፊትና አካሄድ እያዩ የሚቆረጥ ነገር ነው። ስልኩ ይዞ ቢሆን እንኳ እርስዎ አልጋዎ ላይ ሆነው አያዩትም። ያን ሌሊት በተራራው ላይ ስለሆነው ነገር ከሁሉ ያነሰ መረጃ የነበረው ሰው እርስዎ ነበሩ፤ ውሳኔው ግን እርስዎን ይጠብቅ ነበር።

ይቺ የኪስ መጽሐፍዎ ይህን ለምን አልነገረችዎትም? እንዲህ ያሉትን መጻሕፍት አውቃቸዋለሁ፤ እኔም መደርደሪያዬ ላይ ጥቂት አሉኝ። ዘራቸው ረጅም ነው። ኬኔዝ ብላንቻርድና ስፔንሰር ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጧት «የአንድ ደቂቃው ሥራ አስኪያጅ» በዓለም ዙሪያ የተቸበቸበች ናት፤ የሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ማተሚያ ቤት ደግሞ በ20 ደቂቃ የሚነበቡ የሥራ አስኪያጅ መጻሕፍትን ሲያወጣ እ.ኤ.አ. በ2014 አንዷን ለዚሁ ለሥራ ማስረከብ ጉዳይ ሰጥቷታል። አልንቃቸውም። ሥራ የበዛበት ሰው ወፍራም መጽሐፍ አያነብም፤ በእነዚህ ግን ቢያንስ ራሱን ይጠይቃል። ችግራቸው የተጻፉት አለቃው በሚቀጥለው ክፍል ለተቀመጠበት ቢሮ መሆኑ ነው። እዚያ ሠራተኛ ቢሳሳት ሪፖርት እንደገና ይጻፋል፤ በቃ። ደግሞም ያልገባው ሠራተኛ «አልገባኝም» ይላል ብለው ያምናሉ። እኛ ዘንድ ታላቅ ሲናገር ታናሽ «እሺ» ነው የሚለው። እሺ ማለት ገባኝ ሊሆን ይችላል፣ ሰማሁ ሊሆን ይችላል፣ ይበቃዎታል ይሂዱልኝ ሊሆንም ይችላል። የእህትዎ ልጅ ወረቀቱን ሲቀበል እሺ ብሎ ሄዶ ይሆናል እንጂ «ሌሊት ሰው ቢታመምብኝስ?» ብሎ የጠየቀዎት አይመስለኝም። መጠየቅ የነበረብዎ እርስዎ ነበሩ፦ ሰው ቢታመም ምን ታደርጋለህ? በቅሎ ብታነክስስ? እስቲ ንገረኝ። መልሱን ከእሱ አፍ ሲሰሙ የጎደለውን እዚያው ያዩታል።

ከእነዚህ መጻሕፍት ሁሉ በፊት የወጣች፣ እኔ ግን ከሁሉ የምወዳት አንዲት ጽሑፍ አለች። ዊልያም ኦንከንና ዶናልድ ዋስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ያወጧት ናት። ነገሯ ስለ ዝንጀሮ ነው፤ ለስሜን ሰው መቼም ዝንጀሮ አላስተዋውቅም። እንዲህ ይላሉ። ሠራተኛው በኮሪደር ያገኝዎትና «አንድ ችግር ገጥሞናል» ይላል። እርስዎ ይቸኩላሉና «ላስብበትና እነግርሃለሁ» ብለው ያልፋሉ። በዚያች ቅጽበት በሠራተኛው ትከሻ ላይ የነበረችው ዝንጀሮ እግሯን አንስታ የእርስዎ ትከሻ ላይ ትቀመጣለች። ሠራተኛው ቀለል ብሎት ይሄዳል፤ እንዲያውም ነገ መጥቶ «ያቺ ነገር ከምን ደረሰች?» ብሎ ይጠይቅዎታል። አለቃው የበታቹ የበታች ሆነ ማለት ነው። እርስዎ «ከመወሰንህ በፊት ደውልልኝ» ሲሉ ያደረጉት ከዚህም ይብሳል፤ ዝንጀሮዋ ገና ሳትመጣ ትከሻዎን አመቻችተው ጠበቋት። ገብሱን የሚጠብቀው ልጅ ጭላዳው ማሳ ላይ ሲወርድ አባቱን ሊጠራ ቢሮጥ፣ አባት ሲደርስ ገብሱ የለም። ወንጭፉን ለልጁ የሚሰጡት ለዚህ ነው።

ነገሩ አሜሪካን አገር የተፈጠረ እንዳይመስልዎ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18ን ያስታውሱ። ሙሴ ከጧት እስከ ማታ ተቀምጦ ሕዝቡን ይዳኛል፤ አማቱ ዮቶር መጥቶ ያየዋል፤ አንተም ሕዝቡም ትደክማላችሁ ብሎ ይገሥጸዋል። ምክሩ የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃና የአሥር አለቃ ሹም የሚል ነው። ሠራዊታችን ሻለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ አሥር አለቃ የሚላቸው ማዕረጎች እነዚያኑ ያስተጋባሉ። ልብ ይበሉ፣ ዮቶር «ትንሹን ጉዳይ ሁሉ እየጠየቁህ ይፍረዱ» አላለም። ትንሹን እነሱ ይፍረዱ፣ ከባዱን ወደ አንተ ያምጡ ነው ያለው። ወሰኑን አስቀድሞ አስምሮለታል። የሰንበቴና የማኅበር መሪን ሙሴ እያልን የምንጠራ ሰዎች ዮቶርን መርሳታችን ይገርመኛል። ጽዋውንም፣ መዝገቡንም፣ የድግሱን ተራም፣ ጠቡንም ብቻውን የያዘ ስንት የማኅበር ሙሴ አይቻለሁ መሰለዎ።

በሰርግ ቤት ግን እናውቅበታለን። ዳባትም ሆነ ደባርቅ ደጋሹ ልጁን ሲድር አጋፋሪ ይሰይማል። ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስን አጋፋሪው ነው። ጠጁን አሳላፊው ይዟል፤ የጓዳው ቁልፍ በአንዲት እናት ወገብ ላይ ነው፤ እሷ ሳታውቅ አንድ ጋን አይከፈትም። ደጋሹ ነጭ ለብሶ በር ላይ እንግዳ ይቀበላል። ወጡ ቢያጥር እንኳ የሚነግረው የለም፤ የጓዳዋ እናት ከጎረቤት ታስመጣለች፣ ይሸፈናል። ደጋሹ ወጥ ቤት ገብቶ ድስት ሲከፍት የታየ እንደሆነ ሴቶቹ አስወጥተውት ሲያበቁ ዓመት ይስቁበታል። ያው ደጋሽ ሰኞ ቢሮው ሲገባ ግን የእያንዳንዱን ድስት ክዳን ያነሣል።

አልፈርድብዎትም፤ እኔም ከዚያ ወገን ነበርሁ። በወጣትነቴ በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ኃላፊ ሳለሁ ከሥሬ የሚሠሩት የሚያመጡልኝን ረቂቅ ደብዳቤ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አርም ነበር። ነጠላ ሰረዝ እንኳ አላልፍም። በዓመቱ የማየው ረቂቅ ከዓመት በፊት ከነበረው የባሰ ሆነ። ተናደድሁ፤ ሰነፎች አልኋቸው። አንድ ቀን ከበር ውጭ አንዱ ለሌላው «ተወው፣ እሳቸው ያርሙታል» ሲል ሰማሁ። ስንፍናውን ያስተማርኋቸው እኔ ነበርሁ። ባለበቅሎው ያሰረውን መጫኛ ደግመው ሲያጠብቁ እርስዎም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ ላላ አድርገህ እሰር፣ እኔ አጠብቀዋለሁ። እርስዎ ባልወጡበት ቀን ታዲያ ማን ያጠብቀው?

በዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ አለቃችን ለስብሰባ ባሕር ዳር ሲሄዱ የውክልና ደብዳቤ በቁጥርና በቀን ተጽፎ ወጣልኝ። «እስክመለስ ድረስ ሥራውን እንዲሸፍኑ ተወክለዋል» ይላል። በሁለተኛው ቀን አንድ አስቸኳይ ደብዳቤ ፈርሜ ለማኅተም ብልክ የመሳቢያው ቁልፍ የለም። ቁልፉ በአለቃው ኮት ኪስ ባሕር ዳር ነበር። ለአምስት ቀን የሠራሁት ሥራ «ሲመጡ ይነገራቸዋል» ማለት ብቻ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሰው ተወከልሁ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቁልፉ የት እንዳለ ነው። የእህትዎ ልጅ ቁልፍ ብር ነበር፤ እሱም ባዶ እጁን ከአብሳይ ተበደረ። የቡድን ኃላፊ ከአብሳዩ ሲበደር ያዩ ባለበቅሎዎች ከዚያ ወዲያ ማንን ነው የሚሰሙት?

አሁን ወደ ጥር ወር ጉዞ እንምጣ። ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ፤ እርስዎ ብቻዎን ጽፈው አይስጡት። የሥራ ዝርዝር አያስፈልግም፤ አምስት ዓመት አይቶታል። የሚጻፈው የውሳኔ ዝርዝር ነው። የትኛው በቅሎ ምን ይጫን፣ ቁርስ ስንት ሰዓት ይሁን፣ ቀርፋፋ እንግዳ ካለ የቀኑ ጉዞ የት ይቆረጥ የሚለውን ራሱ ይወስን፤ ሲመለስም እንዲነግርዎ አይጠይቁት። በቅሎ ብትታመም ሌላ ይከራይ፣ በግ ቢያስፈልግ ይግዛ፣ ሲመለስ ይንገርዎ። የጉዞው ቀን ቢጨመር ወይም መንገዱ ቢቀየር ግን የመኪናውን ቀጠሮና የሚቀጥለውን ቡድን ስለሚነካ፣ እዚያ ላይ አስቀድሞ ይጠይቅዎ፤ ስልክ ካልያዘለት በቀድሞው ዕቅድ ይቀጥል። ይህቺን የመጨረሻዋን ሐረግ አይርሷት። «ጠይቀኝ» ብለው «ካላገኘኸኝ እንዲህ አድርግ» ካላሉ ልጁን እንደገና ዳገት ላይ በጨለማ ያቆሙታል።

ሕመምን በተመለከተ ወረቀቱ ላይ በትልቁ ይጻፍ፤ እንግዳ ከታመመ የአስጎብኚው ቃል ይጸናል፣ ልጁ ሰውና በቅሎ አዘጋጅቶ ያስፈጽማል፣ ለማንም አይደወልም፤ የሚደወለው ከወረዱ በኋላ ነው። ለምን አስጎብኚው? ከአራቱ በዚያ ጉዳይ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ። ከዕድሜና ከዝምድና ጋር አያምታቱት። የጉዞው መነሻ ቀን ጧት አስጎብኚውም፣ ጥበቃውም፣ አብሳዩም፣ ባለበቅሎዎቹም በተሰበሰቡበት ወረቀቱን ራስዎ ያንብቡት። ፈረንሳዊው መሐንዲስ አንሪ ፋዮል እ.ኤ.አ. በ1916 አንድ ሠራተኛ በአንድ ሥራ ከአንድ አለቃ ብቻ ትእዛዝ ይቀበል ብሎ የጻፈው ለማዕድን ጉድጓድና ለፋብሪካ ነበር፤ ለአምቢኮ ድንኳንም ይሠራል። በእኛው ታሪክ በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ሲነግሡ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ ተባሉ፤ የማን ሥልጣን የት ላይ እንደሚያበቃ በውል ስላልታወቀ ቤተ መንግሥቱ ለዓመታት ሲጓተት ኖሯል። የእርስዎ ጉዞ ግን የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው።

አንዳንዱን ውሳኔ ደግሞ ለሰው ሳይሆን ለሰዓት ይስጡት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1996 ኤቨረስት ላይ በአንድ ማዕበል 8 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሮብ ሆልና ስኮት ፊሸር የተባሉ ስመ ጥር የጉዞ መሪዎች ከሟቾቹ ነበሩ። መመለስ ይገባ የነበረበት ሰዓት አልፎ ብዙዎች ገና ወደ ጫፉ እየወጡ ነበር። ራስ ደጀን ኤቨረስት አይደለም፤ ቢሆንም 4,550 ሜትር ነው፣ ከአምቢኮ 1,350 ሜትር ያህል ዳገት ነው። ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት የተነሣ ቡድን ቀትር ላይ ጫፉ ካልደረሰ የትም ይሁን የት ይመለሳል ብለው ይጻፉ። ከባሕር ማዶ መጥቶ ገንዘቡን የከፈለ እንግዳ «አንድ ሰዓት ብቻ ቀረን» ብሎ ሲለምነው ልጁ የሚጣላው ከእንግዳው ጋር አይሆንም፤ ወረቀቱን ያሳየዋል።

ስለ ገንዘብ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን በየአለቃው ጆሮ እንደሚያንሾካሹክ አውቃለሁ፤ እርስዎ በደብዳቤዎ አላነሡትም እንጂ ባዶ እጁን የላኩት በዚያ ሳይሆን አይቀርም። ለጉዞው የማይነካ መጠባበቂያ ብር፣ አንድ ተጨማሪ በቅሎ እስከ መጨረሻው ቀን የሚያስከራይና አንድ በግ የሚገዛ ያህል፣ በፖስታ ይስጡት። ከመሸሃ ማዶ ያለ እረኛ ደረሰኝ አይሰጥም፤ ስለዚህ ከ500 ብር በላይ ያወጣ እንደሆነ በደብተር ይጻፍና አስጎብኚው ወይም አብሳዩ ከጎኑ ይፈርም። ሲመለስ ደብተሩን አንዴ ያዩታል፣ ይዘጉታል። እያንዳንዷን በግ ለምን በዚህ ዋጋ ገዛህ ብለው የሚያፋጥጡት ከሆነ ግን ፖስታውን ባይሰጡት ይሻላል።

የማይወከል ነገርም አለ፤ ልብ ይበሉ። በሕጉም ቢሆን ወኪል በተሰጠው ሥልጣን ልክ የተዋዋለው ወካዩን ያስራል። ልጁ በሰጡት ሥልጣን ወስኖ ከተሳሳተ፣ በእንግዳውና በሰው ፊት የተሳሳቱት እርስዎ ነዎት። ሥልጣኑን ይሰጣሉ፤ ተጠያቂነቱ እጅዎ ላይ ይቀራል። የባለበቅሎዎችን ጠብ የሚዳኙ፣ እንግዳ ቅር ብሎት ከሄደ ደብዳቤ የሚጽፉ እርስዎ ነዎት። በዚህ ሚዛን በሰው ፊት የተቆጡት ቁጣ በተገላቢጦሽ ነበር። ልጁ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ ስህተቱ ትእዛዙ ላይ ነበር። ስለዚህ በሰው ፊት የተቆጡትን በሰው ፊት ይመልሱት። ሽማግሌ አያስፈልግም፤ አብሳዩና ባለበቅሎዎቹ ባሉበት «ያን ሌሊት ጥፋቱ የእኔ ነበር፣ አንተ ያልሁህን አደረግህ» ይበሉት። አጎት ለእህቱ ልጅ እንዲህ ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ካላሉት ግን በጥርም «እሺ ጋሼ» ብሎ ይሄድና አንድም ነገር ሳይወስን ይመለሳል።

አንድ ነገር ልበልዎ፤ እንዳይቀየሙኝ። «እኔ ከሌለሁ» የምትለዋ ሐረግ በደብዳቤዎ ውስጥ ሦስት ጊዜ አለች። ድካም ብቻ ሆና አላገኘኋትም፤ ትንሽም ትጣፍጥዎታለች። 16 ዓመት ሙሉ አምቢኮ ሲደርሱ ልጆች በስም ይጠሩዎታል፣ ከራስ ደጀን የወረደ እንግዳ አቅፎ ያመሰግንዎታል። ኢሜይልና ደረሰኝ ማንንም አያቅፍም። ይህን ደስታ ሙሉ በሙሉ ተዉት አልልም፤ በዓመት ሁለት ጉዞ ለራስዎ ያስቀሩ፣ ግን እንደ እንግዳ ይሂዱ፤ ልጁ ይምራ፣ እርስዎ ከኋላ በቅሎ ላይ ይሁኑ፣ መጫኛ እንዳይነኩ። ያኔ ጉልበትዎም ያመሰግንዎታል።

የመጀመሪያው ጉዞ ሙሉ አይሆንም። ቡና ይረሳ ይሆናል፣ ድንኳን በተሳሳተ ቦታ ይተከል ይሆናል። ሲመለስ የሚጠይቁት መጀመሪያ «ምን ጠፋ?» ሳይሆን «ምን ወሰንህ? ለምን?» ይሁን፤ መልሱን ሰምተው ያችን ገጽ አብራችሁ አርሙ፤ በቀይ እስክሪብቶ ሳይሆን በልጁ እጅ ጽሕፈት።

ቡድኑ ጥር 11 ቀን አምቢኮ ያድራል ብለውኛል። ያን ዕለት እርስዎ ደባርቅ ነዎት፤ ከባለቤትዎ ጋር ታቦቱን ሲያጅቡ ስልክዎን ቤት ይተዉት።